ሙሉ ያገኘሁበት ጥያቄ

ግንቦት 3

አባዬ ዛሬ ከሆስፒታል ወጣ። ወጣ ስል እኔና ጋሼ ግራና ቀኝ ይዘን አወጣነው ማለቴ ነው። ቀኝ እግሩ እየተጎተተም ቢሆን ይራመዳል። ቀኝ እጁ ግን ከትከሻው ጀምሮ የሱ አይመስልም። አፉ ትንሽ ወደ ጎን ሸሽቷል፤ ንግግሩ ይሰማል፣ ሲደክመው ብቻ ይኮላተፋል። ታክሲ ውስጥ ስናስገባው ሾፌሩን፣ «ቀስ ብለህ ንዳ ወንድሜ፣ የጫንከው ግማሽ ሰው ነው» አለው። ሾፌሩ ይሳቅ ይዘን ግራ ገብቶት በመስታወት እኔን አየኝ።

ቤት ስንደርስ ዘመድ ሞልቶ ጠበቀን። ጋሼ፣ የአባዬ ታናሽ ወንድም፣ ገና ጫማውን ሳያወልቅ የሱቁን ነገር አነሳ። አባዬ ልብስ ሰፊ ነው። ሰፈሩ ሁሉ «መቀስ» ነው የሚለው፤ እውነተኛ ስሙን የሚያውቅ ደንበኛ ያለ አይመስለኝም። የሱቁ ባለቤት ሌላ ልብስ ሰፊ አግኝቷል፤ ወጣት ነው፣ ለመግባት ቸኩሏል። ጋሼ «ከአሁኑ ብንለቅለት ይሻላል። ለኔ የወንድሜ ጤና ይበልጥብኛል» አለ። አባዬ በጀርባው ተጋድሞ ጣሪያውን ነበር የሚያየው።

አፌን የከፈትኩት እኔ ነኝ። «ሦስት ወር ስጡኝ» አልኩ። «በሦስት ወር መቀስ ይይዛል።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እማዬ እንባዋን ጠርጋ «የተማረችው ትናገር! ይኸው ትምህርቷ ለዚህ ቀን ደረሰልን» አለች። ጋሼም «እሺ፣ ምሩቋ ካለች እኔ ማነኝ» ብሎ የሱቁ ባለቤት እስከ ሐምሌ መጨረሻ እንዲታገሥ ሊለምነው ሄደ። አምና በፊዚዮቴራፒ በማዕረግ ከተመረቅኩ ወዲህ ቤት ውስጥ ስሜ ምሩቋ ሆኖ ቀርቷል።

ለምን ሦስት ወር አልኩ? መጽሐፉ ስለሚለው ነው። መጽሐፉ የሚለው ግን፣ እጅ የሚመለስ ከሆነ አብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ነው የሚመለሰው ነው። «የሚመለስ ከሆነ» የሚለውን ለማንም አልነገርኩም።

ግንቦት 5

የአባዬን ክንድ አነሳሁ። ይከብዳል። ክንድ እንዲህ እንደሚከብድ አላውቅም ነበር።

ትምህርት ቤት የምንለማመደው እርስ በርሳችን ነበር። አንዷ አልጋው ላይ ትወጣና «ሽባ ነኝ» ትላለች፣ ሌላዋ ታነሳታለች፣ መምህሩ በጎን ቆሞ ነጥብ ይሰጣል። አሁን ሳስበው የተኛችው ሁሌ ታግዘን ነበር። ክንዷን ከፍ ስናደርግ ሳይታወቃት አብራ ታነሳልን ነበር። በልምምድ ወራትም ሆስፒታል ስንሄድ አንድ አልጋ ለሃያ ከበን፣ እኔ ቁመቴ አጭር ስለሆነ ከፊቴ የቆመውን ልጅ ጀርባ ሳይ ነው የከረምኩት። ያንን ጀርባ ግን እስካሁን ድረስ በደንብ አውቀዋለሁ።

አባዬ «ምነው ደከመሽ?» አለኝ።

«አልደከመኝም።»

«የኔ ልጅ፣ ላብሽ እኮ በአፍንጫሽ እየወረደ ነው።»

ግንቦት 9

ሥራ ሰጠሁት። ምግብ የምንበላበት ጠረጴዛ ላይ ክንዱን በለስላሳ ጨርቅ ያሳርፍና ወደ ፊት ይገፋል። ማንሳት የለም፣ መግፋት ብቻ። ጨርቁ ስለሚንሸራተት ትንሽ ጉልበት ይበቃል። ጣቶቹ የደረሱበት ቦታ ላይ እኔ በጠመኔ አሰምራለሁ። ጠመኔው የራሱ ነው፣ ጨርቅ ላይ ምልክት የሚያደርግበት፤ ደስ እንዲለው ብዬ ከሱቁ አመጣሁለት።

ደስ አለው። በግራ እጁ ተቀብሎ አገላብጦ አየውና «ይሄ እንኳ ያለ እኔ አላለቀም» አለ።

የመጀመሪያዋን መስመር አሰመርኩ። ክንዱ ካረፈበት እምብዛም አልራቀችም። ቢሆንም መስመር ናት።

ግንቦት 14

ከጠዋት ጀምሮ በምሠራበት ሆስፒታል አልተቀመጥኩም። ወገብ፣ ወገብ፣ ጉልበት፣ አንገት፣ እንደገና ወገብ። አንዲት እናት ከመጋረጃው ጀርባ «ይቺ ልጅ ተማሪ ናት እንዴ? ዋናዋን ጥሩልኝ» ሲሉ ሰማሁ። ዋናዋ የክፍላችን ኃላፊ ናቸው፤ ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። እትዬ መጥተው «ዋናዋ እሷው ናት» ብለዋቸው ሄዱ። እኔም ዋና መስዬ ወገባቸውን አሸሁ። ሐሳቤ ግን ቤት ነበር። አባዬ ያልኩትን ትራስ ከክንዱ ሥር አድርጎ ይሆን?

ግንቦት 21

ሄደ! አንድ ጣት ያህል! በዓይኔ አየሁት፣ ማንም አልነካውም። ትከሻው ላይ ያለው ጡንቻ ከቆዳው ሥር ሲነቃ እጄን አስደግፌ ተሰማኝ። ጮህኩ። እማዬ ከጓዳ ማንኪያ ይዛ ሮጣ መጣች፣ ወደቀ ብላ።

አባዬ አተነፋፈሱ ሁሉ ተቀይሮ ነበር። «አየሽው?» አለኝ። «አየሽው አይደል?»

አየሁት አባዬ።

ግንቦት 25

ከትናንት በስቲያ ምንም። ትናንት ግማሽ ጣት። ዛሬ ወደ ኋላ ተመለሰ። እንዲህ እንደሚሆን አውቃለሁ፤ ዛሬ የተገኘው ነገ ይጠፋል፣ ከዚያ ሳይታሰብ ይመጣል። ጠረጴዛው ላይ መስመሮቹ እንደ ሰካራም መንገድ ተዘበራርቀዋል። ጣቶቹ ግን ገና ናቸው።

ግንቦት 28

አብሮኝ የተማረው ልጅ ደወለ። ያ ሁሌ ከፊቴ ቆሞ ጀርባውን ሲያሳየኝ የነበረው። ሥራውን ትቶ የሞባይል ሱቅ ከፍቷል። «አራት ዓመት የተማርኩትን በአራት ቀን ረሳሁት፣ ምንም አልጎደለብኝም» እያለ ይስቃል። «ንገሪኝ እስቲ፣ ከተማርነው ውስጥ ሥራ ላይ የጠቀመሽ የቱ ነው?»

ተናደድኩበት። የአባዬን ክንድ ነገርኩት፣ የትከሻውን ጡንቻ፣ ጨርቁን፣ ጠመኔውን። ይህን ሁሉ ከየት ያመጣሁት ይመስልሃል አልኩት። ሳቁን አቆመ። ከዚያ «አባትሽን እያከምሽ ነው? እንዴት ታደርጊዋለሽ ግን? እኔ አልችልም» አለኝ። አንተማ መች ትችላለህ ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። ትንሽ ቆይቼ ማሳዘኑ ገባኝ፣ መልሼ ግን አልደወልኩም።

ሰኔ 2

አባዬ ሊወድቅ ነበር። ከመታጠቢያ ቤት ሲወጣ ወለሉ እርጥብ ነበር። ደርሼ ያዝኩት። ደህና ነው። እማዬ ገበያ ሄዳ ነበር፤ ባታውቅ ይሻላል፣ ትደነግጣለች።

ሰኔ 3

አላበጠም። ትከሻውን ሁለቴ አየሁት። አላበጠም።

ሰኔ 6

እማዬ «ምነው ሰሞኑን ሸሚዝ ሳለብሰው ያቃስታል?» አለችኝ። ተኝቶበት ይሆናል አልኳት። ሌሊት ሲገላበጥ ክንዱ ከሥሩ ይቀራል፤ ብዙ ታማሚ ላይ የሚታይ ነገር ነው። እውነት ነው፣ ብዙ ታማሚ ላይ ይታያል።

ክንዱን ስነካው አባዬ «ምንም አይል» ይላል። ከንፈሩን ግን ነክሶ ነው የሚለው።

ጠረጴዛው ላይ ሞከርን። ጨርቁ አልተነቃነቀም።

ሰኔ 9

ከዛሬ ጀምሮ የከሰዓት ተረኛ ነኝ። ራሴ ነኝ ያስቀየርኩት፤ እትዬ «ምነው?» ሲሉኝ ጠዋት ቤት ሥራ አለብኝ አልኳቸው። አባዬ መግፋቱን ከሰዓት፣ እኔ ሳልኖር፣ ራሱ ይሠራል። መስመሩንም በግራ እጁ ራሱ ያሰምራል። አጠገቡ ስቆም ይሳቀቃል፣ ሰው ሲያየው ይከብደዋል። ለእሱ ብዬ ነው።

ጠዋት ጠዋት ደግሞ አጥባለሁ፣ እጠርጋለሁ። እማዬ «አንቺ ልጅ ምን ነካሽ፣ ቤቱ እኮ ትናንትም ተጠርጓል» አለችኝ።

ሰኔ 14

አንድ ጣት! ከሥራ ስገባ አባዬ በአገጩ ወደ ጠረጴዛው አሳየኝ። አዲስ መስመር። ከድሮዎቹ አልፋለች። ቦርሳዬን ሳላወርድ ሄጄ ዳሰስኳት። እኔም ዝም ብዬ ነው ስጨነቅ የከረምኩት። ትከሻው በርትቷል ማለት ነው፣ ያም ነገር ምንም አላደረገውም ማለት ነው።

ሰኔ 17

አንድ ጣት። ትናንትም አንድ ጣት። ከትናንት በስቲያም።

ስንገናኝ ሁለታችንም እንስቃለን። ከበሩ ጀምሬ «እሺ እጅ፣ ዛሬስ?» እላለሁ፣ በቀጥታ ወደ ጠረጴዛው። አባዬ «እጅ ደህና ነች፣ ሰላም ብላሻለች» ይለኛል። እንደዚህ የሳቅነው መቼ ነው?

ሰኔ 22

መስመሮቹ ተደርድረው ሲታዩ ያምራሉ። እኩል እኩል፣ አንዱ ከሌላው ሳይበልጥ ሳያንስ፣ በማስመሪያ የተሠሩ ይመስላሉ። እማዬን ጠርቼ አሳየኋት። «እሰይ» አለች፣ ጠረጴዛውን ሳታይ። ድስቱ ሊያርርባት ነው መሰለኝ ቶሎ ብላ ወጣች።

ለጋሼ ደወልኩ። ለሱቁ ባለቤት ንገረው አልኩት፣ በሐምሌ መጨረሻ ይመለሳል በለው። ጋሼ በስልክ አለቀሰ። «እኔ እኮ ድሮም ይቺ ልጅ ብዬ ነበር» አለ። ምን ብሎ እንደነበር ግን አልነገረኝም።

ሰኔ 28

ፊቴ አድርገህ አሳየኝ አልኩት። «ጠዋት ነው እጄ የሚደክመው፣ ከሰዓት ነው የሚነቃው» አለኝ። ከሰዓት ሥራ ነኝ። እሑድ እናያለን አልኩ። እሑድ ራሱን አመመው።

ሐምሌ 2

ዛሬ ልጽፈው ነው።

እትዬ ለልምምድ የመጡ ተማሪዎችን እያስተማሩ ነበር። እኔ ጥግ ይዤ ፎጣ አጥፋለሁ። «በአንድ ጎኑ ሽባ የሆነ ታማሚ ሊወድቅባችሁ ነው። በየት በኩል ነው የምትይዙት?» አሉ። ልጆቹ በአንድ ድምፅ መለሱ። ከወገቡ፣ ወይም ከቀበቶው፣ ሰውነታችንን አስጠግተን። «ፈጽሞ የማትነኩትስ?» የታመመውን ክንድ! ለምን? ትከሻውን የሚይዘው ጡንቻ ስለማይሠራ፣ ከተጎተተ መገጣጠሚያው ይለቃል።

ፎጣውን ትቼ ወጣሁ። መጸዳጃ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፈትኩት፣ ሰው እንዳይሰማኝ።

ይህ ጥያቄ በመጨረሻው ፈተና ወጥቶ ነበር። ሙሉ ነው ያገኘሁበት። ሥዕል ሁሉ ሥዬበታለሁ፤ መምህሩ «ለሌሎች አሳዩ» ብሎ ወረቀቴን በክፍሉ አዙሮታል።

ሰኔ 2 ቀን አባዬ ሲንሸራተት ከኋላው ነበርኩ። አንድ እርምጃ ነበር የሚለየን። ቀበቶ ነበረው። ወገቡ ነበረ። የያዝኩት ቀኝ እጁን ነው። በሁለት እጄ ይዤ፣ ባለኝ ኃይል ጎትቼ አቆምኩት። የሆነ ነገር ሲንቋቋ ሰምቻለሁ፤ በሩ ነው ብዬ ነበር። አባዬ አልጮኸም። ግድግዳውን ተደግፎ ዓይኑን ጨፈነ፣ ከዚያ «ጎበዝ፣ ያዝሽኝ» አለኝ።

ልጅ ሆኜ መንገድ ስንሻገር የምይዘው ያንን እጁን ነበር። ሌላ ምክንያት የለኝም። ያስተማሩኝ ሁሉ ጭንቅላቴ ውስጥ ነበረ፣ ዛሬም አለ፣ አሁን ቢጠይቁኝ እመልሳለሁ። የገዛ አባትሽ ፊትሽ ሲወድቅ እጅሽን የሚያስተምር ማነው? ምን ብሎስ ነው ፈተና የሚያወጣው?

መስመሮቹ ግን እየሄዱ ናቸው። እሱ ነው ያልገባኝ። መሄድ አልነበረባቸውም።

ሐምሌ 6

እትዬን ቤት መጥተው አባዬን እንዲያዩልኝ ለመንኳቸው። ስለ መጎተቱ አልነገርኳቸውም። «መታመሙን እስካሁን ለምን አልነገርሽኝም?» አሉ። እኔው እያከምኩት ነው አልኩ። «ቅዳሜ እመጣለሁ» አሉ።

ሐምሌ 10

እትዬ መጡ። አባዬ ከወንበሩ ለመነሳት ሞከረ፤ «ይቀመጡ በሞቴ» ብለው አስቀመጡት። ትከሻውን ገልጠው በጣታቸው ዳበሱ። ክንዱ ከትከሻው ዝቅ ብሏል፤ በመሐል ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለ። እኔም በየቀኑ አየው ነበር። አየው ነበር።

«ይህ ተጎትቷል» አሉ እትዬ። «ማን ነው የጎተተዎት?»

እማዬ እኔን አየችኝ። እኔ ወለሉን አየሁ።

«እኔው ነኝ» አለ አባዬ። «በሩ ላይ እጄ ተይዞ ጎተትኩት። የራሴው ጅልነት ነው።»

እትዬ ሸሚዙን መለሱለት። ከዚያ ዓይናቸው ጠረጴዛው ላይ አረፈ። ተጠግተው ጎንበስ ብለው አዩት። በጣታቸው ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው እየተሻገሩ ሄዱ። የመጀመሪያዎቹ የእኔ ናቸው፣ የተዘበራረቁት። ከዚያ በኋላ ያሉት ሁሉም እኩል ናቸው። «እነዚህን ማን አሰመራቸው?» አሉ።

«እኔ» አለ አባዬ።

«ወንድሜ፣ በሽታ እንዲህ እኩል አይራመድም። ይህ የልብስ ሰፊ መስመር ነው።»

አባዬ ሳቀ። ግማሽ ፊቱ ብቻ ነው የሚስቀው። «ለማዛነፍ ሞክሬ ነበር» አለ። «እጄ እምቢ አለኝ። ግራም ቢሆን የልብስ ሰፊ እጅ ነው።»

እማዬ ማልቀስ ጀመረች። እሷ ታውቅ ነበር። ከሰዓት ከሰዓት አባዬ ጠመኔውን አምጪ ይላታል፣ ታመጣለታለች፣ አስምሮ ይመልስላታል። ጠረጴዛውን ስትወለውል መስመሮቹ እንዳይጠፉ ዙሪያቸውን እየዞረች እንደነበር ነገረችን። ክንዱን የሚያሳርፍበት ጨርቅ ከሰኔ ወር ጀምሮ መሳቢያ ውስጥ ነው።

እትዬን እስከ መንገዱ ሸኘኋቸው። «ትከሻው ሕመሙ ይቀንሳል፣ እኔ እከታተለዋለሁ» አሉ። «ጣቶቹን ግን አየሽ አይደል? መቀስ አይጠብቅ። አንቺም አትጠብቂ።» ባይጎተት ኖሮስ አልኳቸው። «ያኔም መያዙን እጠራጠራለሁ» አሉ። እጠራጠራለሁ አሉ እንጂ አይይዝም አላሉም። መንገዱን ሁሉ ይህንን ስደጋግም ተመለስኩ።

ሐምሌ 11

ለምን አልኩት። ጮኼበታለሁም። አንድ ወር ሙሉ! ለጋሼ ደውዬ፣ ሰው ሁሉ ጠብቆ! ለምን ዋሸኸኝ?

አባዬ እስክጨርስ ጠበቀኝ። ከዚያ ቀስ እያለ፣ ቃላቱ እንዳይሰነካከሉበት እየመረጠ ተናገረ።

«መስመር ያላሰመርኩ ቀን ፊትሽን አይቼዋለሁ። ከበሩ ስትገቢ ወደ ጠረጴዛው ትሄጃለሽ፣ ምንም ከሌለ ቦርሳሽን አስቀምጠሽ ወደ ጓዳ ትገቢያለሽ። መስመር ያለ ቀን ግን አጠገቤ ትቀመጫለሽ። እንጫወታለን።» ትንሽ አረፈ። «ከታመምኩ ወዲህ ስትገቢ መጀመሪያ ሰላም የምትይው እጄን ነው፣ ምሩቋ። እኔን ደግሞ አንዳንዴ።»



ሐምሌ 13

ጠረጴዛውን አጸዳሁት። በእርጥብ ጨርቅ አንድ ጊዜ ሲታሽ ሁሉም ሄደ።

ከሥራ ስገባ አባዬ ጋ ሄጄ ጉንጩን ሳምኩትና ተቀመጥኩ። ምን እንደማወራው ጠፋኝ። ዓይኔ እየሸሸ ወደ ክንዱ ይሄዳል፤ ትራሱ ተንሸራትቷል፣ ጣቶቹ አብጠዋል፣ አቀማመጡ ልክ አይደለም። ትራሱን ላስተካክል እጄ ሲነሳ አባዬ አየኝ። መልሼ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት።

«ሥራ እንዴት ነው?» አለኝ።

«ደህና ነው።»

«ያቺ ዋናዋን ጥሩልኝ ያለችሽ ሴትዮ ተመለሰች?»

መመለሳቸውን፣ አሁን ከእኔ በቀር በሌላ ሰው አልታይም ማለታቸውን ነገርኩት። በጣም ደስ አለው። ሁለቴ አስነገረኝ።

ሐምሌ 19

ልነግረው ሞከርኩ። እማዬ ስትወጣ ጠብቄ «አባዬ፣ ያን ቀን…» አልኩ።

«የቱን ቀን?»

«ከመታጠቢያ ቤት ስትወጣ፣ ስትወድቅ።»

«እኔ መቼ ወደቅኩ?» አለ። «ይዘሽኝ የለ እንዴ።»

«እንዴት እንደያዝኩህ…»

«ያዝሽኝ። አለቀ።» በግራ እጁ ጭኔን መታ መታ አደረገኝና ሬዲዮውን ክፈቺልኝ አለ። ከፈትኩለት። ዜና ነበር። እስከ መጨረሻው አብረን ሰማን፣ ምን እንዳሉ ግን አንዱንም አላስታውስም።

ሐምሌ 24

ለጋሼ ደወልኩ። እጁ አልተመለሰም፣ ሱቁን እንልቀቅ አልኩ። «መስመሩስ?» አለኝ። ስህተት ነበር አልኩት። ማን እንደተሳሳተ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነገርኩትም።

ሐምሌ 28

ዛሬ ጋሼና አክስቴ መጡ፤ ሱቁን የሚረከበውን ወጣት ልብስ ሰፊም ይዘውት ነበር። ልጁ ጨዋ ነው። ለአባዬ ቀኝ እጁን ዘረጋ፣ ደነገጠ፣ ወደ ግራ ቀየረ። አባዬ በግራው ጨበጠውና «አይዞህ፣ እኔም ገና እየለመድኩት ነው» አለው። ከዚያ ስለ ሱቁ አስረዳው። ትልቁ የስፌት መኪና ሲበርደው ክር እንደሚበጥስ፣ ጠዋት ጠዋት ባዶውን ትንሽ ማዞር እንደሚያስፈልገው። የትኛዋ ደንበኛ ወገቧን ሲለኳት ሆዷን እንደምትስብና ከልኩ ትንሽ መጨመር እንዳለበት። ልጁ እየሳቀ ያዳምጣል። አባዬ በሚያወራበት ጊዜ ሁሉ ግራ እጁ አየሩን ትቆርጥ ነበር።

ቁልፉን ሰጠው።

ጋሼ ነው መጀመሪያ የተናገረው። ክፋት የለውም ጋሼ፤ ያሰበውን ሳይናገር ማደር አይችልም። «እንግዲህ ምሩቋ» አለ፣ «ሦስት ወር ብለሽን ነበር። ምን ነክቶት ነው? እኛም እንወቀው እንጂ፣ ሰው ሲጠይቀን ምን እንበል? ሰው እኮ ያን ሁሉ ዓመት ተምራ እያለ ነው።»

ሁሉም እኔን ያያሉ። እማዬም፣ ልጁም። ልናገር ነበር። ልናገር ነበር ብዬ እዚህ እጽፋለሁ፣ እውነት መሆኑን ግን እርግጠኛ አይደለሁም።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ አባዬ።

ሁሉም ወደሱ ዞሩ።

«እሷ ያላለችኝ ነገር የለም። ሥራ ሰጠችኝ፣ አልሠራሁም። ከሰዓት ከሰዓት ለጥ ብዬ እተኛለሁ፣ ማታ ስትመጣ ሠራሁ እላታለሁ። ትከሻዬንም በር ስታገል ራሴው ነኝ ያበላሸሁት። እሷ ምን ታድርግ? ሰነፍ በሽተኛ ነው የገጠማት።»

ጋሼ ራሱን ነቀነቀ። «ድሮስ አንተ! በልጅነታችንም መድኃኒቱን ምላሱ ሥር ደብቆ ደጅ ወጥቶ ነበር የሚተፋው» አለ። ሁሉም ሳቁ፣ ወጣቱ ልብስ ሰፊ ሳይቀር። አባዬ ከሁሉም በላይ ሳቀ። እማዬ አልሳቀችም። እማዬ እኔን ነበር የምታየው፣ እኔም ብርጭቆ ማንሳት ጀመርኩ።

«ልጄ ሥራዋን ታውቃለች» አለ አባዬ። ደክሞት ነበር፣ ተኮላተፈ፤ ቃሉ በደንብ እንዳልወጣለት ሲያውቅ ደገመው። «ሥራዋን ታውቃለች። ሰው ከጠየቃችሁ እንዲህ በሉ። የሚያመው ያለ ሰውም እሷ ጋ ይሂድ።»

አክስቴ ለዚህ ጊዜ አታጠፋም። «እንግዲያው ይቺን ጉልበቴን እይልኝ፣ ደረጃ መውጣት ከተውኩ ቆየሁ» ብላ እዚያው ወንበሩ ላይ እግሯን ዘረጋች። ብርጭቆዎቹን አስቀምጬ ፊቷ ተንበረከክኩ። ጉልበቷን ያዝኩት፣ አጠፍኩት፣ ዘረጋሁት። የቱ ጋ እንደያዛት ወዲያው አገኘሁት። እጆቼ ምን ማድረግ እንዳለባቸው ያውቁ ነበር። ቀስ ብዬ በአውራ ጣቴ ጫን፣ ለቀቅ፣ ጫን አደረግኩ፤ ከዚያ ተነስታ እንድትራመድ ነገርኳት።

አክስቴ ተነስታ እስከ በሩ ሄዳ ተመለሰች። «ኧረ ቀለል አለኝ!» አለች። «ኧረ እውነቴን ነው፣ ቀለል አለኝ!»

«አያችሁ?» አለ አባዬ።

ድምፁ ውስጥ ያለውን ኩራት ሰማሁት። ቀና ብዬ ግን አላየሁትም። አክስቴ ተመልሳ እስክትቀመጥ ድረስ ባዶው ወንበር ፊት እንደተንበረከክኩ ቆየሁ።